በአንድ ሳምንት የቀደመችው ነነዌ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ የልጄ ልጅ ቤዛ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ቀይ ስትቀባ፣ ሽታው እስከ መኝታ ቤቴ ገብቶ ከሸለብታዬ ቀሰቀሰኝ። ምሳ በልቼ ጋደም ብዬ ነበር። ልቤ ድው ድው አለብኝ። ተነሥቼ ወጣሁና «ቤዛ፣ እባክሽ ይህን ነገር ክደኚው» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። «አባባ፣ ኩቴክስ እኮ ነው፤ ምን አስፈራዎት?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ሌላው ሰው ያለፈ ዘመኑን ሲያስታውስ ዓይኑ እንባ ያቀርራል ይባላል፤ እኔን ግን መዳፌን ነው የሚያልበኝ። ለእሷ የጥፍር ቀለም የሆነው ለእኔ የስቴንስል ማረሚያ ነው። በዚያ ላይ ሳሙኤል የሚባለው የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጅ ከደወለልኝ ወዲህ፣ እንኳን ይህ ሽታ ተገኝቶ፣ የስልክ ጥሪ በሰማሁ ቁጥር የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል።

ስቴንስልን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ዛሬ ልጆቹ በስልካቸው ጽፈው በአንድ ጊዜ ለሺህ ሰው ይልኩታል። በእኛ ጊዜ ጽሑፍ የሚባዛው ሰም በተቀባ ስስ ወረቀት ነበር። ሪባኑን ከታይፑ አንሥተህ ወረቀቱን በባዶ ብረት ትመታዋለህ፤ ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል። ከዚያ ማባዣው ላይ ጠቅልለህ እጀታውን ስታዞር ቀለሙ በቀዳዳው እያለፈ ይታተማል። ከተሳሳትህ መፋቅ የለም። በትንሽ ጠርሙስ ቀይ ማረሚያ ቀለም ትመጣለች፤ ከክዳኗ ጋር በተያያዘች ብሩሽ ስሕተቱን ትቀባና እስኪደርቅ ትጠብቃለህ፤ ሲደርቅ በላዩ ደግመህ ትመታለህ። መጠበቁ ነው ከባዱ። በሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ቀለም ሲደርቅ ማየት እንዴት እንደሚያቅት የሚያውቅ ያውቀዋል።

በዚያን ዘመን ፍኖተ ሰላም በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርሁ። ሱሪዬ ከታች ከመስፋቱ የተነሣ ጫማዬን ውጦት አቧራውን እየጠረገ ይሄዳል፤ ቴትሮን ሸሚዜን ማታ አጥቤ ጧት እለብሰዋለሁ፤ ጠጕሬን አበጥሬ ሳቆመው አንድ ጋት ይሆናል። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ አሥር ሳንቲም ነበር፤ በስሙኒ አንድ ሰው ቁርሱን በልቶ ወጥቶ ጥርሱን ይፍቃል። ዛሬ ባጃጅ የሚተራመስበት ዋናው መንገድ ያን ጊዜ የጋሪ ነበር፤ ፈረሶቹ የየጌታቸውን ቤት ስለሚያውቁ ባለ ጋሪው ቢተኛም ያደርሱታል። እኔ የምቀመጥበት ክፍል መስኮት ከአንድ ሻይ ቤት ጓሮ ጋር ይዋሰን ነበር። ሻይ ቤቱ ትልቅ ሬዲዮ ነበረው። የባለቤቲቱ ልጅ ሙሉነሽ ደግሞ አዲስ ዘፈን ሲመጣ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች፤ ከፍ የምታደርገው ለእኔ ይሁን ለደንበኞቿ ሳላጣራ ስድስት ወር አልፎብኛል።

እኔና የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ «መረዋ» የምንላትን መጽሔት የምናዘጋጀው በዚያ ክፍል ነበር። መጽሔት ስላት ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ስምንት ገጽ ሆና በስፌት ክር የተጠረዘች፣ በየሁለት ወሩ የምትወጣ ናት። ፊት ገጿ ላይ በእጅ የተሳለ ደወል አለ። ውስጧ ስብከት፣ የቅዱሳን ታሪክ፣ ሁለት መዝሙር፣ አንድ ምክር ለወጣቶች (ምክሩን የምጽፈው እኔ ነበርሁ፤ ዛሬ ሳነበው አፍራለሁ)፣ በመጨረሻው ገጽ ደግሞ የሁለቱ ወር በዓላትና አጽዋማት ሰንጠረዥ። ሰንጠረዡን የሚያሰሉት የደብራችን መሪጌታ ውባለም ነበሩ። ስማቸውም ከሥሩ ይቀመጣል። ዘመኑ እንዲህ ያለ ወረቀት በግልጥ የሚባዛበት አልነበረም። ማባዣው የመንግሥት ነው፤ አለቃችን ቅዳሜ ከሰዓት ቁልፉን በእጄ ላይ ያኖርና «እኔ አላየሁህም» ብሎ ይሄዳል። በየሁለት ወሩ አንድ ቅዳሜ ብቻ። ከዚያ በላይ ብጠይቀው ዓይኑም እንደሚያየኝ፣ አፉም እንደሚናገር አውቅ ነበር። እጀታውን ባዞርሁ ቁጥር ጆሮዬ በሩ ላይ ነው።

ሰማንያ ቅጂ እናባዛለን። ግማሹ እዚያው ከተማው ውስጥ ይቀራል፤ ሌላው በእህል መኪና ረዳቶችና በገበያተኛ ሴቶች እጅ ወደ ጅጋ፣ ወደ ማንኩሳ፣ ወደ ቡሬ፣ ከቡሬም ወደ ገጠር አጥቢያዎች ይሄዳል። የሚላክላቸውን አብያተ ክርስቲያናት ስም በአንድ ባለ ሠላሳ ሁለት ሉክ ደብተር ላይ ጽፌ ነበር። የመጨረሻዋ ከቡሬ በታች ወደ ቆላው፣ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ወርዳ የምትገኘው ዋንዛ ሚካኤል ነበረች። ወረቀታችን እዚያ ድረስ መድረሷን ሳስብ ደረቴ ይነፋ ነበር። አይቻት አላውቅም፤ ግን ካህኑ አውደ ምሕረት ላይ ቆሞ የእኔን ፊደል ሲያነብ ይታየኛል። ታይፒስት መሆኔን ረስቼ ጸሐፊ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

ሳሙኤል ስልክ የደወለልኝ ስለዚህችው መጽሔት ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ የምሥረታውን በዓል ሊያከብር ነው፤ የድሮዎቹን ቅጂዎች በሙሉ አሰባስበው በአንድ ጥራዝ ሊያሳትሙ አስበዋል። ሳሙኤል ቡሬ የሚያስተምር ትሑት ልጅ ነው፤ «ጋሼ አንተነህ፣ እርስዎ ዘንድ ካልተገኙ የትም አይገኙም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁሉንም በካርቶን አስቀምጫለሁ። ከአንዷ በቀር። ስለ አንዷ ሲጠይቀኝ «እሷ አልታተመችም፤ ወረቀት አልቆብን ነበር» አልሁት። በዚህ ዕድሜዬ፣ ያውም ዲያቆን የሆነን ልጅ ዋሸሁ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ደወለ። «ጋሼ፣ ያች የጠፋችው ቅጂ ተገኘች። ዋንዛ ሚካኤል አለች። ካህኑ ቄስ አበጀ ይባላሉ፤ አውጥተው አሳዩኝ እንጅ አልሰጡኝም። ያዘጋጃት ሰው መጥቶ ይውሰዳት አሉኝ» አለ። ስልኩን የት እንዳስቀመጥሁት እንኳ አላስታውስም፤ ቤዛ ማድቤት ጤፍ ዕቃው ላይ አግኝታ አመጣችልኝ።

እንግዲህ ልናገረው። ሰንጠረዡ ሁለት ዓምድ ነበረው፤ በግራው እሑዶቹ ከነቀናቸው ይወርዳሉ፣ በቀኙ በየሳምንቱ ያለው በዓል ወይም ጾም ይጻፋል። እኔ ሲቀልለኝ የግራውን ከላይ እስከ ታች መትቼ ስጨርስ የቀኙን እጀምራለሁ። ያን ቅዳሜ ከጥምቀት በኋላ ያሉትን ሳምንታት እየመታሁ፣ ምንም የተለየ በዓል የሌለባት አንዲት ሳምንት ላይ ስደርስ ተሳሳትሁና ቀይ ቀለሙን ቀባሁ። እስኪደርቅ መጠበቅ አለብኝ። በዚያች ቅጽበት ሬዲዮው ከፍ አለ፤ ሁሉም ሰው የሚያንጎራጉረው አዲስ ዘፈን ነው። በመስኮት ብቅ ስል ሙሉነሽ ብርጭቆ እያጠበች ቀና ብላ አየችኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ። ያለችኝ «ጣትህ ቀልቷል» ብቻ ነው። ተመልሼ ስቀመጥ ጭንቅላቴ የት እንደነበር ገምቱት። የቀባሁትን ሳምንት ሳልመታ፣ የሚቀጥለውን በእሱ ቦታ መታሁት። የሚቀጥለው የነነዌ ጾም ነበር። ነነዌ አንድ ሳምንት ወደ ላይ ወጣች፤ የመጨረሻው ረድፍ ባዶ ቀረ። ለምን ባዶ ቀረ ብዬ አልጠየቅሁም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ በብረት መጫሪያ አንድ ያማረች መስቀል ሣልሁበት።

ስሕተቱ የተገኘው ወረቀቷ ተበትና ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው፤ ነነዌ ብለን ለጻፍናት ሰኞ ስምንት ቀን ሲቀራት። መሪጌታ ውባለም ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር የሚነበብላቸውን እንጅ የታተመውን አያዩም። ያን እሑድ ግን መነጽር የሰጣቸው ሰው ነበርና ወረቀቷን አንሥተው ማንበብ ጀመሩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ወረቀቷን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ ጠሩኝና ጣታቸውን ረድፉ ላይ አድርገው «አንተነህ፣ ይህች መስቀል እዚህ ምን ትሠራለች?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ስሜ ከሥሩ አለ» አሉ ቀስ ብለው። «ሂድና ሰብስባት። አንዲት ሳትቀር» አሉኝ።

እርማት አትሞ መላክ አይቻልም፤ የአለቃችን ቅዳሜ አልፏል፤ ሌላ ቅዳሜ ብጠይቀው «ምን ቸኮላችሁ?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ሰኞ ከመሥሪያ ቤት እናቴ ታማለች ብዬ ፈቃድ ወሰድሁና በሎንቺና አውቶቡስ ተሳፈርሁ። የከተማውን ጓደኞቼ ሰበሰቡ፤ እኔ ጅጋን ሰኞ፣ ማንኩሳን ማክሰኞ ጨረስሁ። በየቤቱ እየገባሁ «ያችን ወረቀት ስጡኝ፣ ሌላ እናመጣላችኋለን» እላለሁ። አንዷ ሴት ሽንብራ ጠቅልላባት አገኘኋት፤ ሽንብራውን በነጠላዋ አስገልብጬ ወረቀቷን ወሰድሁ። ሴትዮዋ ያበድሁ መስሏት አማተበች። ቡሬ መግቢያ ላይ ኬላ ነበር። ከመኪና አስወርደው ሲፈትሹን አንዱ የያዝሁትን ጥቅል አየና «ይህ ሁሉ ወረቀት ምንድን ነው?» አለኝ። «የቤተ ክርስቲያን ነው» አልሁ። «የቤተ ክርስቲያንስ ቢሆን፣ አንድ ዓይነት ወረቀት ይህን ያህል ምን ያደርግልሃል?» አለና ገጹን እያገላበጠ ረጅም ጊዜ አየው። በመጨረሻ «ሂድ» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ቡሬ ያሉትን ሰበሰብሁ፤ ወደ ነቀምት ከሚገነጠለው መንገድ ወዲያ ያሉትንም ሰበሰብሁ። የቀረችኝ ዋንዛ ሚካኤል ብቻ ነበረች። ዓርብ ጧት ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆምሁ። እግሬ ውኃ ቋጥሯል፤ ስመለስ ያ ኬላ አለ፤ ቅዳሜ ሥራ ካልገባሁ እናቴን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ለራሴ «እዚያ ያሉት ሽማግሌ ቄስ ቀመሩን በቃላቸው ያውቁታል፤ ወረቀት አይተው አይሳሳቱም» አልሁት። ይህን ስል ልቤ አላመነኝም። ግን ተመለስሁ። ለመሪጌታ «ሁሉንም ሰብስቤያለሁ» አልኋቸው፤ የሰበሰብሁትን ጓሮ ወስደን አቃጠልነው። ከዚያም ከደብተሬ ላይ ዋንዛ ሚካኤል የሚለውን ስም ሰረዝሁ። ወረቀት ከተላከላቸው አንድ ቀን መልስ ይመጣል፣ «ያችን ጊዜ እንዴት ብትሉን ነው?» የሚል ሰው ይመጣል ብዬ ሰጋሁ። ሌላ ወረቀት ወደዚያ አልላክሁም። መሪጌታ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያርፉ አንዲት ቅጂ መቅረቷን አላወቁም። ሙሉነሽን አገባኋት፤ ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖርን፤ ለእሷም አልነገርኋት። ብነግራት «እኔን አይተህ ነው?» ብላ እንደምታዝን አውቅ ነበር።

ይህን ሁሉ ዓመት ነነዌ በመጣች ቁጥር እንቅልፌ ይረበሻል። ጾም መሻር ቀላል ነገር አይደለም፤ ለዚያውም የራስህን ሳይሆን የአጥቢያን። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሽማግሌዎች በእኔ ምክንያት በማይጾሙበት ጾመው፣ በሚጾሙበት በልተው ይሆን? አንዳንዴ ቡሬ ገበያ ላይ ከቆላ የመጣ ሰው ሳይ «ከየት ነህ?» ብዬ መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ግን አፌን የሚይዘኝ ነገር አለ። ጡረታ ወጣሁ፣ ሚስቴን ቀበርሁ፣ ጕልበቴ ዛለ፤ ይህች ነገር ግን ዕድሜ አልጨመረችም። እንግዲህ ሳሙኤል «ያዘጋጃት ሰው ይምጣ አሉ» ሲለኝ ሽማግሌው ሰው ምን ሊሉኝ እንደሆነ አስቤ አስቤ ሁለት ሳምንት ካርቶኑን ስከፍት ስዘጋ ሰነበትሁ። ደግሞስ መንገዱ? ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፤ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ልጄ «ምን ሊያደርግልህ ነው በዚህ ጊዜ የምትወጣው?» ብላ ተቆጣችኝ። ልክ ነበረች። ግን ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረው? ከአሁን በኋላ ብቀር መቼም አልሄድም።

ባለፈው ኅዳር፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቀን፣ በሚኒባስ ቡሬ ገባሁ። ከተማዋ አድጋ የማላውቃት ሆናለች፤ ፋብሪካው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ፎቁ። ኬላው የነበረበት ቦታ አሁን የሞባይል ካርድና ጫማ ይሸጥበታል፤ ቢሆንም እዚያ ስደርስ እጄን ወደ ኪሴ ከተትሁ። ሳሙኤል ባጃጅ ይዞ ጠበቀኝ፤ እስከ አፋፉ በባጃጅ፣ ከዚያ በታች አዲስ በተቀደደው የጠጠር መንገድ በጋሪ ወረድን። የቀረችውን በእግራችን። ያን ጊዜ ለመውረድ የፈራሁት ቁልቁለት አሁን ስወርደው ያን ያህል ረጅም አይደለም። ይህ ነገር እንዴት እንዳናደደኝ ልነግራችሁ አልችልም። ሳሙኤል «ጋሼ፣ ደከመዎት?» ይለኛል፤ እኔ የደከመኝ ሌላ ነው።

ቄስ አበጀ ከዋንዛ ሚካኤል ደጅ፣ ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። እኔ ከእኔ የሚበልጥ ሽማግሌ እጠብቅ ነበር፤ ሆነው የተገኙት የእኔው እኩያ ናቸው። ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ ማለት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥምጥማቸው ንጹሕ። መስቀላቸውን አሳለሙኝና ከጭናቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ፈቱ። አየኋት። ወረቀቷ ብጫ ሆናለች፤ ደወሉ፣ ክሩ እንዳለ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ መስቀሌ አለች።

«አንቱ ነዎት ያዘጋጇት?» አሉኝ።

«ታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

«እንግዲያማ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አርባ ሰባት ዓመት ቁሜ የምጠይቀው ሰው አጥቸ ነው። ምን አጥፍተን ነው የቀራችሁብን?»

አልገባኝም። እሳቸውም ቀጠሉ። «ይህች ወረቀት ኸመምጣቷ በፊት ያሉት ሁሉ ይመጡ ነበር። አባ እንዳለ፣ የቀድሞው ካህን፣ በመስከረም አረፉብን። እኔ በዚያ ሰሞን ገና መቀሰሴ ነው። ነነዌን ስቆጥር አንድ ቀን አገኘሁ፤ ወረቀቷ ደሞ ኸዚያ በሳምንት የቀደመውን ትላለች። ኸሥሯ የመሪጌታ ውባለም ስም አለ። እኔ ማን ነኝና? የራሴን ትቸ የእሳቸውን በአውደ ምሕረት አነበብሁት። አገሩ ሁሉ ሰኞን ጾመ። ማክሰኞ ቡሬ ወጥቶ የመጣ ሰው ‹እዚያማ ሥጋ እየበሉ ነው› አለን። ሲጣራ ሌላው አገር የሚጾመው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እኔም ሰዉን ሰብስቤ ‹ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቆጠራ አላውቅም፣ ይቅር በሉኝ› አልሁ። በሚቀጥለውም ሳምንት ደገምነው። አንድ ሽማግሌ ብቻ ‹ነነዌ ሁለት ጊዜ ልትጠፋ ነበር ወይ?› ብሎ ሳቀብኝ። ቡሬ ካህናቱ ዘንድ ግን ወሬው ደርሶ ‹ቄስ ሁለቴ ነነዌ› ተባልሁ። እስካሁንም ይሉኛል።»

«ወረቀቷ…» አልሁ። አልጨረስሁትም።

«ኸዚያ በኋላ ወረቀቷ ቀረች። በየሁለት ወሩ ቡሬ እየወጣሁ ረዳቶቹን እጠይቃለሁ፤ የላችሁም ይሉኛል። መሪጌታ ሰምተው ነው፣ ጾም ያበላሸ አጥቢያ ብለው ሰርዘውን ነው አልሁ። ወንድሜ፣ እኔ በዚያ ነገር ብዙ አዘንሁ። ሰዉም ‹ወረቀቱስ?› እያለ ይጠይቀኛል። ኸዚያ ወዲህ ራሴ ቆጥሬ አላውቅም። በየዓመቱ ቡሬ ሰው እልካለሁ፣ ሌሎች የቆጠሩትን ያመጣልኛል። እና ልጠይቅዎ ብየ ነው፤ ተቆጥተው ነበር?»

እዚያ ቦታ ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር። አርባ ሰባት ዓመት የፈራሁት የሠራሁትን ስሕተት ነበር፤ ይህ ሰው ደግሞ ያንኑ ስሕተት የራሱ አድርጎ ተሸክሞታል። ሳሙኤል ዓይኑን ወረቀቷ ላይ ተክሎ ቆሟል። እኔ እንደ ሕፃን እየተንተባተብሁ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ቀዩ ቀለም፣ ስለ ዘለልኋት ሳምንት፣ ስለ ባዶዋ ረድፍ፣ ስለ መስቀሏ። አፋፉ ድረስ መጥቼ ፈርቼ መመለሴን። መሪጌታ ምንም እንዳልሰሙ፣ የአጥቢያቸውን ስም ከደብተሬ የሰረዝሁት እኔ እንደሆንሁ። ስለ ሙሉነሽም ነገርኋቸው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከመጣ አይቀር ይምጣ ብዬ ይሆናል። እንባዬ እየወረደ ነበር፤ አላፈርሁበትም።

ቄስ አበጀ ወረቀቷን አንሥተው ሰንጠረዡን ከላይ ጀምረው በጣታቸው ወረዱት፤ መስቀሏ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ይገባኛልም ብዬ ጠበቅሁ።

«እንደዚያ ኸሆነ» አሉ፣ ድምፃቸው ተለውጦ፣ «ያን ጊዜ የእኔ ቆጠራ ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር፣ አባ» አልሁ። «ስሕተት የነበረችው ወረቀቷ ናት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግመው ነቀነቁ። ከዚያ ወረቀቷን ጨርቁ ላይ አኖሩና እጃቸውን ዘረጉ። በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ መቁጠር ጀመሩ፤ መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ኋላ ጮክ ብለው። በባሕረ ሐሳቡ የዘመን ስሌት፣ ከዓመተ ዓለሙ ተነሥተው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ አበቅቴው፣ ወደ መጥቅዑ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ጀመሩ። ግንባራቸው አላበው። እኔ ቀኑን አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ይሳሳታሉ ብዬ ሰጋሁ። ሳሙኤል ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ካላንደሩን ሊከፍት ሲል እጁን ያዝሁት። ቄስ አበጀ የመጨረሻዋን አንጓ ነኩና የዘንድሮዋን የነነዌ ሰኞ ከነቀኗ ጠሯት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልክ ነዎት» አልኋቸው።

«ጻፋት» አሉት ለሳሙኤል። «በምታሳትሙት ላይ ትግባ። ኸሥሯም አበጀ ዘዋንዛ ሚካኤል ቆጠረው በል።»

ሳሙኤል ማስታወሻ ደብተሩን ጕልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ። እኔ ደብተሩን ተቀበልሁትና ቀኑን፣ ወሩን፣ ስማቸውን አንድ ጊዜ አነበብሁ፤ ደግሜ አነበብሁ፤ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ፣ በጣቴ እየተከተልሁ፣ ለእሳቸው ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው።